«የጉዞ ሰዓት ነው በይልኝ»፦ ሦስት መስመር ስላለው አንድ የሕግ አስተያየት

መነሻ

ጉዳዩ ትንሽ ነው። የጠፋው አንድ የጀልባ ሞተር፣ የታሰረው አንድ ልጅ ነው። ሬዲዮ አላወራውም፣ ሰበር ችሎትም አልደረሰም። የምጽፈው እኔም ስላለሁበት ነው። ያኔ ባሕር ዳር ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ፖሊስ በእስርና በምርመራ ላይ ጥያቄ ሲኖረው አስተያየት ከምንሰጠው ሰዎች አንዷ ነበርኩ። በዚህ ጉዳይ የሰጠሁት አስተያየት ሦስት መስመር ነው። ያመጣው ጣጣ ግን ከሦስት መስመር በላይ ነው።

የሰዎቹን ስም፣ ጣቢያውንና መሥሪያ ቤቱን ትቻለሁ። ዓመቱንም አልጠቅስም፤ ቀኖቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ፤ ያለ እነሱ ነገሩ አይገባም።

ቦታውና ሰዎቹ

ደቅ ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ነው። ጥር 7 ሥላሴ ሲነግሥ ከባሕር ዳር ምእመናን በጀልባ ይሄዳሉ። በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነፋስ ከተነሣ ይረዝማል። የሕዝብ ማመላለሻው ትልቁ ጀልባ ግን በየቀኑ አይመጣም። ይቺን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ምእመናን ይዛ ከሄደች ጀልባ ላይ ለጥር 7 አጥቢያ ሌሊት ሞተሩ ተፈቶ ጠፋ። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ባለቤቱ የተበደረበት ዕዳ ገና አላለቀም ነበር። ማለዳ ጩኸት ሆነ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሚሊሻዎች አንድ የ22 ዓመት ወጣት ያዙ። የደሴቱ ልጅ ነው፤ በጀልባ ረዳትነት ይሠራል። ምክንያቱ ሌሊት በጀልባዋ አጠገብ ታይቷል የሚል ነው። በዓል ስለነበረ በጀልባዎቹ አጠገብ ያልታየ ሰው አልነበረም። ልጁን የቀበሌው ዕቃ ቤት አስገቡት። ከሚሊሻዎቹ አንዱ የያዙበትን ቀንና ሰዓት በኪስ ደብተሩ ጻፈ። ማንም አላዘዘውም፤ ልማዱ ነው። በኋላ ሁላችንንም ያዳነን ያ ደብተር ነው።

ጥር 8 ጠዋት መርማሪው ከባሕር ዳር በትንሽ ሞተር ጀልባ ተነሣ። ከምሳ በፊት ደሴቱ ላይ ነበር።

የመጣው ጥያቄ

ጥር 8 ማታ የጣቢያው አዛዥ ደወሉልኝ። ለዓመታት የማውቃቸው፣ እንደ ታላቅ ወንድም የማያቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኔም እጠነቀቅ ነበር።

«እህት ዓለም፣ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ» አሉኝ። «ልጁ ደሴት ላይ ነው፣ ትልቁ ጀልባ የለም። እዚያ የሚቆይበት ጊዜ የጉዞ ሰዓት ነው በይልኝ።»

ሕጉን ላስታውስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 29 ደግሞ ቀደም ብሎ የተጻፈ ስለሆነ ላላ ይላል፤ የአካባቢውን ሁኔታና መገናኛውን ያነሣል። አዛዡ የፈለጉት ጀልባ መጠበቅ ራሱ ጉዞ ተብሎ እንዲጻፍላቸው ነው። ሰውዬው መናኸሪያ ቁጭ ብሎ «መንገድ ላይ ነኝ» እንደሚለው ዓይነት።

ሁለተኛም ጥያቄ ነበራቸው። «ልጁ አፉን ዘግቷል። መርማሪው ሌሊት ትንሽ በእግሩ አቁሞ ሊያናግረው አስቧል። ስንት ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል? ሕጉ ቁጥር አለው?»

«መምታት አይቻልም ኮማንደር» አልኳቸው።

«ማን መምታት አለ? ማቆም ነው ያልኩሽ።»

ዝም አልኩ። «ለማንኛውም አጭር ነገር ልላክልዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደክሞኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር ማለት ምክንያት አይሆንም፤ ግን የሆነው እሱ ነው።

የላክሁት

በቴሌግራም የላክሁት ይህ ነው፦ «በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 29 መሠረት ተጠርጣሪው የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደፈቀደ በተቻለ ፍጥነት ይቅረብ። መጓጓዣ ካልተገኘ የዘገየበት ምክንያት በመዝገብ ይገለጽ። ምርመራው ሕጉን ተከትሎ ይቀጥል።»

አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም። ለፈተና ብጽፈው ነጥብ አገኝበት ነበር። ግን እዩት። ከሕገ መንግሥቱ በፊት ላላ ያለውን ሕግ አስቀደምሁ። 48 ሰዓት የሚል ቁጥር የለበትም። ስለ ማቆም የተጠየቅሁትን አልመለስሁም። ከሁሉ የከፋው «ይቀጥል» የምትለው ቃል ናት። መርማሪው ከሦስቱ መስመር ያነበበው እሷን ብቻ ነው።

የተፈጠረው

48 ሰዓቱ ጥር 9 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አለቀ። ሦስት አራት ሰዓት የጉዞ ጨምሩበት፤ እስከ አመሻሹ ነው። በዚያ ምሽት ልጁ ገና ደሴቱ ላይ ነበር። ሌሊቱን ከዕቃ ቤቱ በረንዳ ምሰሶ ጋር እጁን በመረብ ገመድ ታስሮ ቆሞ አደረ። የጥር ሌሊት፣ የሐይቅ ነፋስ። ዱላ አልነበረም። መርማሪው ይህን ሁልጊዜ ያነሣል፣ እውነቱንም ነው።

ጥር 10 ጎህ ሲቀድ ልጁ ተናገረ። ሞተሩን ሰርቄ ደንገሉ ውስጥ ጣልኩት አለ። ሦስት ዓሣ አጥማጆች ግማሽ ቀን ሙሉ ደንገሉን በዘንግ ሲወጉ ዋሉ። ምንም የለም። ኋላ ላይ አንዱ አጥማጅ የነገረኝን መርማሪው ሳይሆን እኔ በመጀመሪያው ማታ ልጠይቀው ይገባ ነበር፦ «ይህ ሞተር እኮ ሁለት ጎልማሳ ይፈልጋል። አንድ ልጅ በጨለማ ተሸክሞት የት ይደርሳል?»

በዚያው ጠዋት የልጁ እናት ቢሮዬ መጡ። ከተራ ነበር፤ ከተማው ሽር ጉድ ላይ ነው። ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር ከሚመጡ ሰዎች ጋር ሌሊት በጀልባ ተሳፍረው ነው የመጡት።

«እመቤቴ፣ በናርጋ ሥላሴ ይዤሻለሁ» አሉኝ። «ልጄ ካጠፋ ይፈረድበት። ቆሞ ማደር ግን ፍርድ ነው?»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። በጀልባ ነው የመጡት። «እናቴ፣ ስንት ጀልባ መጣ?» አልኳቸው። ከጥር 8 ወዲህ ሦስት ጀልባ ከደሴቱ ወደ ባሕር ዳር ተነሥቷል። የጉዞ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ልጁ እስኪናገር መጠበቅ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የላክሁትን ሻርሁ። «ከትናንት ወዲያ ማታ» ሳልል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ፣ ያ አስተያየት ከአሁን ጀምሮ እንዳይሠራበት ብዬ በደብዳቤ ጻፍሁ። ማኅተም አስደረግሁ። አዲሱን አስተያየት በአራት ነጥብ አስቀመጥሁ፦ የ48 ሰዓቱ ጊዜ አልፏል፤ መጠበቅ ጉዞ አይደለም፤ ልጁ በመጀመሪያው ጀልባ ይምጣ፤ አስሮ ማቆም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 የተከለከለ ሲሆን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ያስጠይቃል፣ ትእዛዝ የሰጠውንም ጭምር።

አዛዡ ደብዳቤውን ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ጀልባ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ተገኘ።

ልጁ ጥር 10 ሌሊት ባሕር ዳር ደረሰ። በማግሥቱ ጥምቀት ነው። «ፍርድ ቤት ዝግ ነው፣ ጥር 12 ይቅረብ» የሚል ሐሳብ መጣ። ተረኛ ችሎት አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ልጁን ይዘን ሄድን። መንገዱ በሕዝብ ተሞልቶ መኪና አያሳልፍም፤ በእግራችን ነው የሄድነው። ሁለት ፖሊስ፣ አንድ ልጅ፣ እናቱ፣ ከኋላ እኔ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ልጁ ብቻ የረዳትነቱን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ እጁን በእጅጌው ይሸፍናል።

ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁት መቼ እንደተያዘ ነው። የጣቢያው መዝገብ ጥር 10 ይላል፤ የጻፉት ባሕር ዳር የገባበትን ነው። እናትየው ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው አወጡ። የሚሊሻው ደብተር ነው። ሰጥቷቸዋል፣ ወይም ቀምተውታል፤ አልጠየቅኋቸውም። «ጥር 7፣ 9 ሰዓት» ይላል። ዘጠና አምስት ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው።

ፖሊስ ለተጨማሪ ምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ጣሪያ ነው። ዳኛዋ 4 ቀን ሰጡ፣ ሐኪም እንዲያየውም አዘዙ። በቀጣዩ ቀጠሮ በዋስ ወጣ።

የሠራውና ያልሠራው

ሞተሩን ያገኘው ቁጥር ነው። ባለቤቱ የግዢውን ደረሰኝ አወጣ፤ የሞተሩ መለያ ቁጥር አለበት። አንድ ጀማሪ መርማሪ ቁጥሩን ይዞ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ የሞተር ጠጋኞችን አንድ በአንድ ጠየቀ። በሁለተኛው ሳምንት ከማዶ አንዱ ዘንድ ተገኘ። ጠጋኙ የሸጠለትን ሰው ለየ። ሻጩ ሌላ ሰው ነው። ያለ ማንም የእምነት ቃል ተከሶ ተፈረደበት።

ልጁ ያውቅ ነበር ወይ? ምናልባት። ሞተሩን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብያለሁ። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚናገረውን ማን ያምናል? በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ለተጠርጣሪው ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። ለመርማሪውም ነው። ሁለተኛ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያን በር የዘጋነው እኛ ነን።

ያልሠራው ደግሞ ተጠያቂነቱ ነው። በመርማሪው ላይ በአንቀጽ 424 መዝገብ ተከፈተ። የደሴቱ ሰዎች ግን ለምስክርነት አልቀረቡም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መርማሪው ስልኩን አውጥቶ የኔን ሦስት መስመር አነበበ። «ዐቃቤ ሕግ ይቀጥል ብላ ነው» አለ። ሻሪው ደብዳቤ ከሌሊቱ በኋላ የተጻፈ ነው፤ ምንም ልለው አልቻልሁም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. 2002

በዓመቱ ለጀማሪ ዐቃቤያነ ሕግ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ይህን ጉዳይ አቀረብሁ። አብሬ ያስቀመጥሁት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2002 በምርመራ ጊዜ ስቃይ የሚባለው የቱ እንደሆነ የጻፉትን አስተያየት ነው። አንዷ ሠልጣኝ «ያ የትና የት፣ የኛ ሞተር የትና የት» አለችኝ። ልክ ናት፤ መጠኑ አይገናኝም። እዚያ አንድ እስረኛ፣ አቡ ዙበይዳ፣ በአንድ ወር ውስጥ 83 ጊዜ ውሃ እየፈሰሰበት የመታፈን ስቃይ ደርሶበታል። አካሄዱ ግን ያው ነው።

የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. የሚያደርገውን አስቀድሞ ያውቃል። ከአማካሪዎቹ የሚፈልገው ወረቀት ነው። ከአማካሪዎቹ ጆን ዩ አረቀቀው፣ ጄይ ባይቢ ፈረመበት። ስቃይ የሚባለው ሕመም የሰውነት ክፍል ሥራ ሲያቆም ወይም ሲሞቱ ከሚሰማው ጋር የሚተካከል ነው ብለው ተረጎሙ። ይህን መለኪያ ያመጡት ከየት ነው? ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም የቱ እንደሆነ ከሚገልጽ የጤና ጥቅማ ጥቅም ሕግ። እኔም ሕገ መንግሥት እያለ ላላ ያለውን ሕግ ፍለጋ ወደ 1954 ሄጃለሁ።

የማቆሙም ጥያቄ እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2002 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ኩባ ላይ ላለው የአሜሪካ እስር ቤት፣ ለጓንታናሞ፣ የምርመራ ዘዴዎችን ሲያጸድቁ ከፊርማቸው በታች በእጃቸው ጻፉ። እኔ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እቆማለሁ፣ ለምን 4 ሰዓት ብቻ ሆነ የሚል ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የአዛዡ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ሕጉ ቁጥር አለው?

የነሐሴው ወረቀት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2004 አፈትልኮ ወጣ፤ በዚያው ወር ተሻረ። መሻሩ የሆነውን አልመለሰውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የአማካሪዎቹን ምክር አምነው የሠሩ መርማሪዎች እንደማይከሰሱ መንግሥት አሳወቀ። አማካሪዎቹን የመረመረው የሚኒስቴሩ ክፍል የሙያ ጥፋት አግኝቶባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከላይ ያለ ባለሥልጣን የግምት ጉድለት ብቻ ነው ብሎ አቀለለው። መርማሪው በወረቀቱ፣ ወረቀት ጸሐፊው በግምት ጉድለቱ ተሸፈነ። ሁሉም ጃንጥላ አለው፤ ዝናቡ የሚወርደው እስረኛው ላይ ነው።

ለሠልጣኞቹ ይበልጥ የነገርኋቸው ግን ስለ አልቤርቶ ሞራ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና የሕግ አማካሪ ነበር። ጓንታናሞ የሚደረገውን ሲሰማ ለአለቆቹ ደጋግሞ በቃል ተናገረ፤ የሰማው የለም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2003 ያልተፈረመ ረቂቅ ይዞ ሄደ። ዘዴዎቹ ካልታገዱ ዛሬውኑ ፈርሜ አወጣዋለሁ አለ። ራምስፌልድ ፈቃዱን የዚያኑ ዕለት አነሡ።

ከዚህ የያዝሁት

አማካሪ ሲጠየቅ መጀመሪያ ማየት ያለበት ሰዓቱን ነው። ድርጊቱ ተጀምሮ ከሆነ የሚጠየቀው ምክር አይደለም። የኔ ስልክ ሲጮህ መርማሪው ደሴቱ ላይ ነበር። ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ «ልጁ አሁን የት ነው? መርማሪው በምን ሄደ?» የሚለውን ነበር። መርማሪው በሦስት ሰዓት የሄደበት መንገድ ለልጁ ሦስት ቀን የሚፈጅበት ምክንያት የለም።

«ስንት ሰዓት ድረስ» ለሚል ጥያቄ ቁጥር አይሰጥም፤ ዝምታም አይሰጥም። ቁጥር ከሰጠሽ እስከዚያ ድረስ ይሄዱበታል። ዝም ካልሽ ፈቃድ ይሆናል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 ተጠርጣሪው አለመመለስ እንደሚችል ይነገረው ይላል፤ ቁጥር 31 ማስፈራራትንም መደለልንም ይከለክላል። ዝም የማለት መብት ያለውን ሰው እስኪናገር ማቆም በግማሽ ሰዓትም በስምንት ሰዓትም ያው ነው። ይህን ማለት አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

«ሕጉን ተከትሎ» የምትለውን ሐረግ ከጽሑፌ አውጥቻለሁ። ለጸሐፊው መከላከያ ናት እንጂ ለአንባቢው ምንም አትነግረውም። በምትኩ ቀን፣ ሰዓትና ማድረግ የሌለበትን እጽፋለሁ። አስቀያሚ ይሆናል፣ ግን ይገባል።

ደብተሩንም አንረሳም። ከዚያ በኋላ አዛዡ ራሳቸው ሚሊሻዎቹ የያዙበትን ሰዓት እንዲጽፉና ጣቢያው ያንን ወደ መዝገቡ እንዲገለብጥ አዘዋል። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ እኔ አላሰብሁትም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት ላይ እንደገና ደወሉልኝ። ሌላ ተጠርጣሪ፣ ሌላ ደሴት፣ ማዕበል። «እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም «ግን አትጻፊው» አሉኝ።

«ይቆዩ ኮማንደር፣ እስክሪብቶ ላንሣ» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ተይው፣ ነገ ጠዋት ይመጣል» ብለው ስልኩን ዘጉ።